የእናቴ ፎቶ ከነጥቅል ጎመኑ

አሮጌ ዕቃ ላይ ሙጭጭ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር ሳይሆን ሆቴል ነው። በኮሪያዋ የወደብ ከተማ በሞክፖ ያለው ሰፈራችን በዚህ አይታማም፤ ክቡር ጋሽ ታክ አሉልን።

ጋሽ ታክ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ሥራቸው ከአባታቸው የወረሱት ጥቁር የሳጥን ካሜራ ነው። የጫማ ካርቶን የሚያህል ነገር ነው፤ ደረት ላይ ተደግፎ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይ፣ ፎቶ ሲያነሱ አንገታቸውን ደፍተው የሚጸልዩ ይመስላሉ። ቢጸልዩም አይፈረድባቸውም። የሚያጎርሱት ፊልም ሁሉ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። ምነው ሲባሉ፣ "የኔስ ጊዜ አላለፈም እንዴ? ይኸው እሠራ የለም!" ይላሉ።

ፊልሙ ግን አይሠራም። የጎረቤታችን የወይዘሮ ፒዮ ልጅ ሠርግ ጉም ሆኖ ወጣ። የእኚሁ ወይዘሮ የልጅ ልጅ የአንደኛ ዓመት ልደት ላይ ደግሞ የሩዝ ኬኩ ጥርት ብሎ ሲወጣ ባለልደቱ የለም። ጋሽ ታክ ታዲያ ጥፋቱን በልጁ አሳበቡ፤ ተቅበጠበጠ አሉ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ ለቀብሩ የሚሆነውን ፎቶ በቁሙ ይነሳል። ቀድሞ የተነሳ ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። እናቴ የልብ ቀዶ ጥገና ቀን ሲቆረጥላት፣ ታክ ያንሳኝ ብላ ድርቅ አለች። ስቱዲዮ እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

"እዚያ መጨማደዴን ያጠፉብኛል" አለችኝ። "በወዲያኛው ዓለም አባትሽ ሲያየኝ ማን ናት ይበለኝ?"

ከጋሽ ታክ ጋር ተኮራረፍኩ። ፎቶው እንዳይበላሽ ፈራሁ፤ አምሮ ወጥቶ ለቀብሯ ዝግጁ እንዳይሆንም ፈራሁ። የቱ እንደባሰብኝ እንጃ።

ጊዜው ለብርዱ ወራት የሚሆነው ኪምቺ፣ በቅመም የሚቦካው ጎመን፣ የሚዘጋጅበት ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ግቢያችን ውስጥ ጎመን በጨው እያሹ ነው። ጋሽ ታክ ለሙከራ ብለው በመጀመሪያ የጎመኑን ክምር አነሱ። ቀጥሎ የክት ልብሷን የለበሰችውን እናቴን አስቀምጠው፣ አቀርቅረው አነሷት። የፊልሙ መጨረሻ ነበር።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ገላ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ያጠቡትን ፎቶ ይዘው መጡ። እናቴ እንዲህ አምራ ወጥታ አታውቅም፤ መጨማደዷ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ብቻ ከፀጉሯ ውስጥ የጎመን ክምር በቅሏል።

"የፊልሙን ማጠንጠኛ ሳላዞር ደግሜ አነሳሁበት" አሉ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ።

እናቴ አየችው፣ አየችውና ደረቷን ይዛ ሳቀች።

"ሞቼ ይህ ፎቶ በአበባ ተከቦ ይቁምና፣ ሴቱ ሁሉ ለቅሶዬ ላይ ይሳቅብኝ? አልሞትም! አንተ ታክ፣ ሌላ ፊልም ፈልግ።"

"ይፈለጋል፣ እህቴ።"

እናቴ ከቀዶ ጥገናው በደህና ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየኪምቺው ወቅት የክት ልብሷን ለብሳ ትቀመጥላቸዋለች። አንዴ ፎቶው ጨለመ፤ አንዴ የወንበሩ እግር ብቻ ወጣ። እናቴ ትሳደባለች፤ ጋሽ ታክ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ። እኔ ደግሞ እኚህን ሽማግሌ እንደ አባቴ መውደድ ጀምሬያለሁ።

አሁን ፊልሙን የማቀርበው እኔ ነኝ። ባለፈው አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋ ሄጄ ካለው ሁሉ ያረጀውን መረጥኩ። ሰውዬው አዘነልኝ መሰለኝ።

"እህቴ፣ በዚህ እኮ ምንም ፎቶ አይወጣም" አለኝ።

"እሱን ነው የምፈልገው" አልኩትና አስጠቀለልኩ።