ሦስት ቤት ያላቸው እናት

ቡሬ ላይ እንደኔ ፈረንጅ ያፋጠጠ ጎረምሳ ካለ ንገሩኝ። እርሻ ሊያስተምር የመጣው ፈረንጅ በአስተርጓሚ፣ «እናቴ የምትኖረው መጦሪያ ቤት ነው» ቢል፣ «እናት እንደ ገብስ ጎተራ ትከተታለች እንዴ?» አልሁት። ጎረቤቶቼ፣ የእማማ ጥሩዬ ሦስት ልጆች፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ክረምቱ ሲወጣ የመንደር ምሥረታ መጣ፤ ሁሉም ቤቱን አፍርሶ አንድ ቦታ እንዲሰፍር ታዘዘ። ሦስቱም አብረው የኖሩበትን የእናታቸውን ቤት አፍርሰው፣ እንጨቱን ተካፍለው፣ በአዲሱ መንደር በሰልፍ ሦስት ጎጆ ሠሩ። በገቡበት ቀን እማማ ጥሩዬ ጠፉ።

«መካከለኛው ጋ ያለች መስሎኝ» አለ ታላቁ።

«እኔ ደግሞ ትንሹ ጋ» አለ መካከለኛው። ትንሹ ወደ ታላቁ ጠቆመ።

እኔ ሄጄ አገኘኋቸው። በፈረሰው፣ ጣራ የሌለው አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ምድጃቸው ዳር ተቀምጠዋል።

«ቤት ይግቡ እንጂ፣ እማማ» አልኋቸው።

«የማን ቤት፣ ልጄ?»

በማግስቱ ፈረንጁን አገኘሁትና እናቱ ደኅና መሆኗን ጠየቅሁት። «እሁድ እሁድ እህቴ ትጠይቃታለች» አለኝ። ይኼኔ ምን ይባላል?