ደህና ነኝ ባይዋ እመት ዙፋን

በዚህ አገር ታሞ የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። ወገቡ ጎብጦ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣ ብትጠይቁት ደህና ነው። የደህኖቹ ሁሉ የበላይ ደግሞ በጎንደር ቆላ፣ የሽንፋዋ ክብርት እመት ዙፋን ነበሩ። ወባ አልጋቸውን ሲያንቀጠቅጠው፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ «ብርዱ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ብለዋል። ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቀው አቧራቸውን እያራገፉ ሾፌሩን «አንተስ ደህና ነህ?» ሲሉ ጠይቀውታል።

በደርግ ዘመን፣ አንድ ግንቦት ላይ፣ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አይናዲስ ስትጨቀጭቅ የኖረችው ነገር ተሳካላት። መርፌ ወግታ መቀመጡ ቀርቶ አዛውንቱን በየቤታቸው እየዞረች እንድትመረምርና እንድታክም ተፈቀደላት። ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው እመት ዙፋን ዘንድ ነው። ገበያ ላይ ሲያነክሱ አይታቸዋለች። ክረምቱ ከገባ መኪና ወደ ጎንደር ሆስፒታል አይወጣም፤ የታመመ እግር ደግሞ እስከ መስከረም አይጠብቅም።

«እናቴ፣ እግርዎን ልየው።»

«እግሬ ደህና ነው። ይልቅ አንቺ ከፀሐዩ ግቢ።»

ስኳር የበዛበት ቀይ የከርከዴ ሻይ ቀረበ። ቀጥሎ የእግር ውሃ መጣ። እመት ዙፋን ቤት እግሩን ሳይታጠብ የሄደ እንግዳ የለም፤ ጎንበስ ብለው የነርሷን ጫማ መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ እናቴ! ላክምዎት የመጣሁት እኔ ነኝ!»

«በቤቴ? እኔ እያለሁ?»

በአንድ ሳፋ ላይ ተናነቁ። አይናዲስ ተሸነፈችና ተቀመጠች፤ አሮጊቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሹ አጠቧት። ሲጨርሱ ግን ሳፋውን ለቀም አደረገች።

«እንግዳ የለመነዎትን ይከለክላሉ እንዴ? አሁን ተራው የኔ ነው።»

እመት ዙፋን እያጉረመረሙ እግራቸውን ዘረጉ። ኮንጎ ጫማቸው ሲወልቅ፣ ተረከዛቸው ላይ በነጠላ ቁራጭ የታሰረ ቁስል ወጣ።

«ጭረት ናት።»

«ጭረት ይሸታል?»

«ደህና ሽታ ነው።»

አይናዲስ ሽንታቸውን ብትመረምር የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ክኒን ሰጠቻቸው፤ ቁስሉንም በየማለዳው እየመጣች አጠበች። ከርከዴው ያለ ስኳር መቅረብ ጀመረ። ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው ቁስሉ ገጥሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክብርትነታቸው ሳፋቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሽማግሌ ያዙት።

«ጎሹ! ና ጫማህን አውልቅ፣ ሲስተር ትይህ!»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ደህናውን አሳየና!»

ነሐሴ ላይ ወባ አይናዲስን ጣላት። በሯ ተንኳኳ። እመት ዙፋን ናቸው፤ በዚያ ጭቃ፣ በዳነው እግራቸው፣ ሳፋቸውን ታቅፈው።

«ምነው ደከሙ፣ እናቴ? እኔ እኮ ደህና ነኝ» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

እመት ዙፋን እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አሳረፉና ሳቁ።

«የኔኑ ውሸት መልሰሽ ለኔ?»