ሁለት ጊዜ የወደቅሁበት አልጋ

ፈተና ሲባል ለእናንተ ወረቀትና እስክሪብቶ ይታያችሁ ይሆናል። የሐኪም ፈተና ግን ሌላ ነው። የጥያቄው ወረቀት አልጋ ላይ ተኝቶ ያያችኋል፣ ያስላል፣ አንዳንዴም ስለ ጥያቄው ከእናንተ የበለጠ ያውቃል። ፈታኙ ደግሞ ቅጽ ይዞ ከራስጌ ይቆማል። እጁን ታጥቧል? ምልክት። ለታካሚው ሰላምታ ሰጥቷል? ምልክት። አትሳቁ፣ ሰላምታም ነጥብ አለው።

እኔ የተፈተንሁት ቆቦ ነው፣ ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ። ያንን ዓመት ሳስበው የቆላው ወበቅ ዛሬም ፊቴን ይመታኛል፤ የባጃጁ ጥሩምባ በመስኮት ይገባል፣ ነጩ ጋዋኔ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ፈታኜ ዶክተር አስካለ ከጎጃም የመጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሴት ነበሩ። ታካሚዬ አባ ሰይድ ደግሞ የሮቢት ማሽላ ገበሬ ናቸው። ጉበታቸውን ታመው ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል፤ በየጊዜው እየመጡ ይቀዳላቸዋል። የዚያን ቀን የምቀዳው እኔ ነበርሁ።

«እንደምን አደሩ አባ?» አልሁ፤ ዓይኔ ግን መርፌው ላይ ነበር።

«አልሃምዱሊላሂ፣ ደህና ነኝ፣ ብቻ ያን ጊዜ…» ሲሉ ሆዳቸውን በአልኮል መጥረግ ጀምሬያለሁ።

እጄ አላሳፈረኝም። ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ኮለል ብሎ ወረደ፤ ቅጹም በምልክት ተሞላ። ጓንቴን እያወለቅሁ በልቤ እናቴ ዘንድ ደውዬ «አለፍሁ» እያልሁ ነበር። አባ ሰይድ ሽንት ቤት ልሂድ ብለው ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ዶክተር አስካለ ናቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው ያስተኟቸው፣ ግሉኮስ እንዲሰካላቸው ያዘዙት። ሽማግሌው ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ያለፈውም ጊዜ ውሃው እንደተቀዳ ስነሳ ወድቄ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» አሉ ዶክተር አስካለ።

«እንደምን አደሩ አለኝ። ልነግረው ስጀምር ሆዴን ጠረገው።»

ዶክተር አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ወድቀሃል» አሉኝ፣ በጣም ቀስ ብለው። ቀና ማለት አቃተኝ። እጄን የያዙኝ አባ ሰይድ ነበሩ። «አብሽር ልጄ፣ እኔ እንደሁ አለሁ።»

ሆዳቸው እንደገና ሲሞላ ለድጋሚ ፈተና እዚያው አልጋ አጠገብ ቆምሁ። በዚህኛው ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እንደምን አደሩ አልሁ፣ ጠበቅሁም። የራያ ሰው ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። ሳዑዲ ስለሄደው ልጃቸው፣ ማሽላውን ስለፈጀው ወፍ፣ ወሯ ስለገባ ላማቸው ነገሩኝ። መሐል ላይ እግራቸው ሌሊት እንደሚያብጥ፣ መድኃኒቱንም ካቆሙ ሳምንት እንዳለፋቸው ሰማሁ። ይህንን ለማንም አልተናገሩም ነበር።

«ሰዓትህ አልቋል» አሉ ዶክተር አስካለ። መርፌውን ገና አልነካሁም።

ከዚያ ቅጹን አጥፈው ጋዋናቸው ኪስ ከተቱትና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ላሟ ታዲያ ወለደች?»

«መንታ!» አሉ አባ ሰይድ። ስለ ጥጆቹ ሲያወሩልን ውሃውን ቀዳሁላቸው፤ ሲነሡም ደግፌ አስነሣኋቸው። ነጥብ የያዘ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛውን ፈተና የወሰድሁት ሌላ ከተማ፣ በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ነው። ልጅ አልተሰደደባትም፣ ማሽላ አልዘራችም። በሰዓቱ ጨረስሁ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ፣ የምስክር ወረቀቱም አለኝ። የት እንዳስቀመጥሁት ግን ጠፍቶኛል።