የወይዘሮ ከድጃ ታፔላ

ሥራዬን ለጠየቀኝ ሁሉ «ዲዛይነር ነኝ» እላለሁ። ቢቸና ላይ ይህን ደረት ነፍቶ መናገር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። «ሐሳቡን ከየት ነው የምታመጣው?» የሚለኝም አይጠፋም። ያኔ ጣሪያ ጣሪያውን አይና «እንዲሁ ይመጣል» እላለሁ። እናንተን ግን አልዋሽም፤ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለዳቦ ቤቱ የሠራውን ጌጥ አወርድና፣ ቀለሙን ቀይሬ፣ ለእኛ ሙሽሮች የሰርግ ጥሪ አደርገዋለሁ። ሙሽሮቹም ተጋብተው በሰላም ይኖራሉ። ማን ተጎዳ?

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ቀጥሎ መብራቱ። ቀጥሎ ደግሞ ባነር የማሳትምበት ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰው መንገድ ተዘጋ። እኔና ኮምፒውተሬ ተፋጠን መዋል ጀመርን። ጥቁሩ መስታወት ላይ የሚታየኝ የገዛ ፊቴ ብቻ ነው፤ ከሱ ደግሞ ምንም ሐሳብ አይወርድም።

ወይዘሮ ከድጃ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የሞጣ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ተዘግቶ ከርሟል፤ የባላቸው ወንድም ደግሞ «ሴት ብቻዋን አትችለውም፣ ሱቁን ለኔ ትልቀቅልኝ» እያለ ሽማግሌ ይልክባቸዋል። እሳቸው ቅዳሜ እከፍታለሁ ብለው ሰው ጠርተዋል። ሞጣ ያሉት ማተሚያ ቤቶች «መብራት የለም» ብለው ስለመለሷቸው፣ እህታቸውን ሊጠይቁ ቢቸና በመጡበት የኔን በር አንኳኩ።

«ስሜ በትልቁ ይጻፍ» አሉኝ። «የሟቹ አይደለም፣ የኔ። ቅዳሜ ጠዋት ካልተሰቀለ፣ ታፔላ እንኳ መስቀል አቃታት ነው የሚሉኝ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። «ይደርሳል» አልኳቸው። ምን ነክቶኝ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ከወጡ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያለ መብራት ታፔላ መሥራት የሚችል በከተማችን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ አያሌው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቢቸናን ሱቆች ስም በብሩሽ ሲጽፉ ኖረዋል። ታዲያ እኔ ስቱዲዮዬን የከፈትኩ ጊዜ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደኔ ዞሩ። የመጀመሪያ ማስታወቂያዬ «የእጅ ጽሑፍ ቀረ!» የሚል ነበር። የሰቀልኩትም ከደጃፋቸው ትይዩ ነው። ቦታው ስለተመቸኝ እንጂ... ተዉት፣ ክፋት ነበር።

እየከበደኝ ሄድኩ። ጋሽ አያሌው ደጃፋቸው ላይ የወንበር እግር ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገነው። መብራት ጠፋ፣ አይደል?»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አፍሬም ቢሆን የወይዘሮ ከድጃን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የባላቸው ወንድም ጋ ስደርስ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ቆርቆሮ አለህ?»

«አለኝ።»

«ቀለምና ብሩሽ ከኔ። የምትጽፈው ግን አንተ ነህ።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ዐይን እሆንሃለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ስቱዲዮዬ ደጃፍ ላይ ቆርቆሮውን አጋደምነው። «ዙሪያውን ምን ጌጥ ላድርግበት?» ብላቸው፣ «ሴትየዋ ምን ትሸጣለች?» አሉኝ። ጨርቅ አልኳቸው። «እንግዲያ ሄደህ ጨርቅ አይተህ ና!» እኔም የአላፊ አግዳሚው ጥለት ላይ እያፈጠጥኩ ከተማውን ዞርኩ፤ አንዷማ ተቆጥታ ባሏን ልትጠራብኝ ነበር። ስመለስ የያዝኩት ከሦስት ነጠላ የተለቃቀመ አንድ ጥለት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ሳላወርድ የሣልኩት እሱን ነው። ፊደሉ ግን አሠቃየኝ። በተጣመመ ቁጥር ጋሽ አያሌው «አጥፋው» ይላሉ። ሳጠፋ፣ ስጽፍ፣ ሳጠፋ ዓርብ አመሻሽ ላይ አለቀ። ቀለሙ ግን ገና እርጥብ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በሸራ ሸፍነን ከጋሽ አያሌው ጋር አይሱዙ ላይ ወጣን። የሞጣው መንገድ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ፈታሽ አስቆመን።

«የጠቀለላችሁት ምንድን ነው?»

«ታፔላ ነው፣ ወንድሜ። ቀለሙ አልደረቀም።»

«ግለጠው።»

«ይበላሽብኛል፣ በእናትህ...»

«ግለጠው አልኩህ!»

ገለጥኩት። ሸራው «ጃ» ላይ ተጣብቆ ኖሮ ፊደሉን ገፎት ተነሣ። የሴትየዋ ስም «ከድ» ላይ ቀረ፤ የከዳኋቸው መሰለኝ። ፈታሹ ራሱ ደነገጠ።

ጋሽ አያሌው ከኮታቸው ኪስ ብሩሽና ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ብሩሹን ሲሰጡኝ እጄ ከሳቸው ብሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ጊዜ የእጄን አንጓ ያዙኝ። ሁለት የሚንቀጠቀጥ እጅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ።

«አንተ፣ ቆርቆሮውን ያዝልን እንጂ፣ ንፋሱ ያወዛውዘዋል» አሉት ፈታሹን። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘልን። ሾፌሩ ትዕግሥቱ አልቆ ክላክስ ሲነካ፣ «ቆይ! አልደረቀም!» ብሎ የጮኸበት እሱ ነው።

ሞጣ ስንደርስ እንግዳው ተሰብስቧል። የባልየው ወንድም ባዶው ግድግዳ ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ገለል በሉ ብለን ሰቀልነው። ወይዘሮ ከድጃ ቀና ብለው ስማቸውን አነበቡ።

«ትልቅ ነው» አሉ በቀስታ።

«ጃዋ ወፈር ብላለች» አለ ወንድምየው።

«እንድትታይ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። ወይዘሮ ከድጃ ቁልፋቸውን አውጥተው ሱቃቸውን ከፈቱ።

ሰሞኑን መብራት መጣ። ጋሽ አያሌውም ከኔው ጋር ነው የሚውሉት። ትናንት አንድ ደንበኛ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘና «ጋሽ አያሌው የሉም?» አለኝ።

«ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ነው። ኮምፒውተሩ እኮ መሥራት ጀምሯል» አልኩት።

«አየሁት» አለና ወንበር ስቦ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። እኔስ ምን ላድርግ? እሳቸው እስኪመጡ ብሩሾቹን ማጠብ ጀመርኩ።