የችግኝ ላስቲክና ባለዘውዷ ወፍ

እኛ የመቱ አካባቢ ሰዎች ባሕር አይተን አናውቅም። ባሕሩ ግን እኛን ሳያውቀን አይቀርም። እዚህ የጣልነው ሁሉ ሶር ወንዝ ይገባል፤ ሶርም ከፏፏቴው ዘሎ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ ባሮ ደግሞ ድንበር ላይ የይለፍ ወረቀት ስለማይጠየቅ፣ ከነጭ ዓባይ ተቀላቅሎ ባሕሩ ድረስ ይዘልቃል። ይህን የነገረችን ሰናይት ናት፤ ላስቲክ በውሃና በወፎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ልታጠና ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት። ሳቅንባት። ሁሩሙ ድረስ ላስቲክ ፍለጋ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ላስቲኩስ ሞልቶናል። እኔ የምሠራው ሁሩሙ ችግኝ ጣቢያ ነው። የቡና ችግኝ የሚያድገው ከላይም ከታችም ክፍት በሆነ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው። ሲተከል ላስቲኩ ይገፈፋል። የተገፈፈው ከጣቢያው በታች ያለው ረግረግ ውስጥ ይገባል። ማን ጣለው? የችግኝ ተከላው ዘመቻ። ዘመቻ ደግሞ አይጠየቅም።

ረግረጉ ውስጥ አናታቸው ላይ ወርቅማ ዘውድ የደፉ፣ እግረ ረጃጅም ወፎች ነበሩ። እየመነመኑ ሄደው የቀሩን ሁለት ብቻ ናቸው። ልጄ «ሙሽሮቹ» ትላቸው ነበር። አራት ዓመቷ ነበር። ኩፍኝ ወሰዳት። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐምሌ ላይ ሙሽሮቹ ጫጩት አወጡ። አንድ ጠዋት ከሰናይት ጋር ሄደን ስናይ፣ ጫጩቱ መንቁሩን የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ አልወጣ ብሎታል። መብላት አይችልም። ጭቃው ጉልበታችን ድረስ እየዋጠን ያዝነው። እናቱ ጀርባዬን በክንፏ ስትወቅጠኝ ላስቲኩን ገፈፍኩለት። ልቡ መዳፌ ውስጥ ይመታል። ለዚያን ቀን ተረፈ። ግን ዘመቻው ገና እኩሌታው ላይ ነው፤ ጫጩቱ መብረር ሳይችል ሌላ ላስቲክ ይገድለዋል።

ሰናይት ጉዳዩን ቀበሌ ስብሰባ ላይ አነሳች። ሊቀመንበሩ ጓድ ተሬሳ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «ዘውድ ካወረድን በኋላ ዘውድ የደፋች ወፍ እንጠብቅ ነው የምትይን?» አሏት። አዳራሹ ሳቀ።

እጄን አወጣሁ። ሰውዬውን እንቅልፍ የሚነሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግማሹ ዘማች ችግኙን ከነላስቲኩ ቁጥቋጦ ሥር ወርውሮ «ተክያለሁ» እያለ ይሄዳል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የተከለ ሰው ባዶ ላስቲክ በእጁ ይቀራል» አልኩ። «ላስቲክ ያልመለሰ አልተከለም ማለት ነው።»

«ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ሳቁ ቆመ። ጓድ ተሬሳ ዓይናቸው በራ። «ወፏን ተዋትና ይህችን ድገማት» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ የተሰጠውን ችግኝ ያህል ባዶ ላስቲክ ያልመለሰ ቤቱ አይገባም ተባለ። የተከለው የራሱን መለሰ። ያልተከለውስ ምን ያድርግ? ረግረጉ ውስጥ ገብቶ የከረመውን ለቀመ። እመኑኝ፣ እንደ ሰነፎቹ ረግረጉን ያጸዳ የለም። ሰናይት አንድ ላስቲክ እንኳ ልታገኝ ብትፈልግ አጣች።

ጥቅምት ላይ ጫጩቱ ተነሳ። ሙሽሮቹን ተከትሎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ደጅ ቆመን ነበር። ጓድ ተሬሳ አንጋጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ወፎቹ እስኪርቁም እንደያዙ ቆዩ።

ድሮ ንጉሥ ሲያልፍ የሚደረገው እንደዚያ ነበር። ምናልባት ሲያንጋጥጡ ባርኔጣው እንዳይወድቅባቸው ይሆናል።