ሊቀ ቀማሽ ኮርቢኒያን እና ከጌንት የመጣው እንግዳ

አውሮፓን ዞሮ የየአገሩን ቢራ የሚቀምስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቢራ ሊጠጣ ይሄዳል፣ ሌላው የሰው ቢራ ሊያጣጥል። የሁለተኞቹ አለቃ የኔ ጎረቤት ነው፤ ክቡር ሊቀ ቀማሽ ኮርቢኒያን። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ዋልቡርጋ ነኝ፤ መንደሩም አጽድቆልኛል።

በየበጋው ከሚስቱ ከሬዚ ጋር አውቶቡስ ይሳፈራል። ብርጭቆውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚሄደው፣ በካልሲ ጠቅልሎ። መጠጥ ቤት ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አንዴ ይጎነጫል፣ ዐይኑን ይጨፍናል። አስተናጋጁ ምስኪን ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፦ «አይከፋም። ቢራ ግን አይደለም።»

ደብሊን ላይ ጥቁሩን ቢራ ቢቀዱለት፣ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ። ለንደን ላይ ለብ ያለውን ሲያቀርቡለት፣ «የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ኮፐንሃገን አንድ ጺማም ወጣት ማንጎና ቀረፋ የገባበትን በኩራት አመጣለት። ሊቀ ቀማሽ ብርጭቆውን ወደ ሬዚ ገፋ አድርጎ፣ «የኔ እመቤት፣ ቁርስሽ መጣልሽ» አላት። ሬዚ ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ ደግማ አዘዘች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እሱማ ይሞታል እንጂ አይናገራትም።

ቤልጂየም፣ ጌንት ላይ ግን ነገር ፈለገ። ሊቨን የሚባል ጠማቂ በእንጨት በርሜል ለዓመታት ያስተኛውን ጎምዛዛ ቢራ ቀዳለት። «አይከፋም። ለሰላጣ ይሆናል» አለው። ሊቨን አልተቆጣም። «እንግዲያው የእናንተን መጥቼ ልቅመሰው» ሲል፣ ኮርቢኒያን «ና! ኮከቤ በተሰቀለ ቀን ና!» ብሎ ቀን ቆረጠለት።

በእኛ በባቫሪያ ጫካ ዳር የመንደሩ መጥመቂያ ቤት አንድ ነው። ተራ የደረሰው ቤተሰብ እዚያ ብቅሉን በእንጨት እሳት ያፈላና ወደ ራሱ ምድር ቤት ወስዶ እርሾ ይጨምርበታል። ቢራው ሲደርስ በሩ ላይ ኮከብ ይሰቅላል፤ ኮከቡን ያየ ሁሉ ገብቶ ይጠጣል። እርሾ የሚወሰደው ደግሞ ከፊቱ ከጠመቀው ጎረቤት ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት እንዲሁ ነው። በዚያ መኸር ከኮርቢኒያን በፊት የጠመቅሁት እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ዶሮዎችሽ አበባዬን ጫሩብኝ ብሎ አኩርፎኛል። የኔን ደጃፍ ላለመርገጥ ሲል፣ እሱ አገር ላገር ሲዞር ምድር ቤት የከረመውን አሮጌ እርሾውን ጨመረበት። ወይ ኩራት!

ሊቨን በቀጠሮው መጣ። ኮከቡ ተሰቅሏል፣ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ እኔም አልቀረሁም። ኮርቢኒያን ከእንግዳው በፊት አልቀምስም ብሎ ምሎ ነበርና፣ ለሊቨንም ለራሱም ቀዳና አብረው ጎነጩ። የኮርቢኒያን ፊት አመድ መሰለ። ቢራው ኮምጥጧል።

ሊቨን ግን ዐይኑ በራ። «ግሩም ነው! የኛ ዓይነት ነው እኮ! ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን አንተ እንዴት አገኘኸው?»

ሬዚ ባሏን ጎሸም አድርጋ፣ «ዝም በል፣ ወዶታል!» አለችው። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ሲዋረድ ለማየት ነበር የሄድኩት። አንዲት «አመሰግናለሁ» ከአፉ ብትወጣ የሱ ክብር ይተርፋል፤ የመንደራችን ቢራ ግን ጌንት ድረስ ኮምጣጣ ነው ተብሎ ይቀራል።

ሊቀ ቀማሽ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ተበላሽቶብኝ ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «እልኼ ነው ያበላሸው። የመንደራችን ቢራ ይሄ አይደለም።» ወንበር ላይ ወጥቶ ኮከቡን በገዛ እጁ አወረደ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ዋልቡርጋ፣ ካንቺ ጠመቃ የተረፈ አለ?»

«አንድ በርሜል አለኝ። ለአኩራፊ ግን አልቀዳም።»

«ለኔ አትቅጂ። ለሱ ቅጂለት። እኔ ውኃ እጠጣለሁ።»

ኮርቢኒያንና ውኃ! አንጀቴን በላው። ተነሣሁና ሁሉንም ወደ ቤቴ ይዤ ሄድኩ።

ሊቨን ጎነጨ። ደገመ። ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ጨርሶ ባዶውን ብርጭቆ ወደኔ ዘረጋ፤ ድገሚኝ ማለቱ ነው። «ማነው የጠመቀው?» ብሎ ጠየቀ።

አፌን ከፈትኩ። ኮርቢኒያን ቀደመኝ።

«እኛ!» አለ።

ምን ያለው ደፋር ነው! ልኩን ላሳየው ዞር ብል፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ እንባው ግን ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ለካ ያ ሁሉ አገር የዞረው፣ ያን ሁሉ ብርጭቆ ያጣጣለው «እኛ» ለምትለው ለዚህች ቃል ኖሯል። ሌላ ብርጭቆ አመጣሁና ለሱም ሞልቼ ቀዳሁለት።

«አዎ» አልኩት እንግዳውን፤ «እኛ ነን።»