በቴሌቪዥን የተደረደረ በገና

እኔ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ አልለጥፍም። ግድግዳው ራሱ ነው ወደ ጆሮዬ የሚመጣው። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር አፓርታማ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» ትላላችሁ፣ ከዚያ ማዶ «ያኑርሽ» ይመለስላችኋል። ታዲያ ይኼ መስማት ነው ወይስ ማድመጥ? ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከጋሽ መኮንን ቤት የሚመጣው ድምፅ ግን የጤና አልነበረም። ጋሽ መኮንን ጊጊሪ ካለ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ሬዲዮ እንኳ አያስጮኹም። አሁን ግን ድመት ወፍጮ ውስጥ የገባች ይመስል «ጭርርር... ጺይይይ...»። ይቆማል። ደግሞ ከመጀመሪያው። ብቻውን ከሚኖር ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ዝም ይባላል? ጨው አለቀብኝ ብዬ አንኳኳሁ። ጨው ነበረኝ።

ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ፊታቸው አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፣ ከሱ ጋር በሽቦ የተያያዘ የጽሕፈት መኪና የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ጋር ደግሞ ቴፕ። ኮምፒውተር ነው አሉኝ። ለካ ድሮ ሰው ቤት የሚገባው ኮምፒውተር እንዲህ ኖሯል። ጨዋታው ካሴት ላይ ይቀዳና፣ ካሴቱ ሲጮህ ማሽኑ እየሰማ ይማረዋል።

ጨዋታውን የሠሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስልክ ሲጠግኑ፣ አገሩን ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ ማሽኑን ሸጠላቸው። አባታቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ። የልጅየው ጣት ግን እምቢ አለ። አባት ሲሞቱ ቅኝታቸው አብሯቸው እንዳይቀበር፣ ጋሽ መኮንን ለጣታቸው ያልሆነውን ለማሽኑ አስተማሩት። ቴሌቪዥኑ ላይ አሥር መስመር ይሰመራል፣ እንደ በገናው አሥር አውታር። አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ነጥቧን ታስኬዷታላችሁ፤ መስመሩን ስትነካ ድምፅ ይወጣል።

«ማሸነፊያውስ?» አልኳቸው።

«ማሸነፍ የለውም።»

«መሸነፍስ?»

«እሱም የለውም፣ ሙሉዬ። መሄድ ብቻ ነው።»

እኔ የማውቀው ጨዋታ አንዱ ካልተናደደ አያልቅም።

ለቅዳሜ እንግዳ አለባቸው። ሊዲያ ትባላለች፤ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ያደገች ያበሻ ልጅ ናት። በነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የተሠሩ እንግዳ እንግዳ ጨዋታዎችን፣ ሙዚቃም ሥዕልም የሆኑትን፣ ሰብስባ ኤግዚቢሽን ልታሳይ ነው። የሳቸውን ልትቀዳ ትመጣለች። ካሴቱ ግን አርጅቶ ማሽኑ ውስጥ አልገባ አለ። ያ የሰማሁት ጩኸት የሱ ትግል ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። አባታቸው የቀሩት እዚያች ካሴት ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳምቡሳ ይዤ ከች አልኩ። አልተጠራሁም። ሳምቡሳ የያዘን ሰው ግን ማን ይመልሳል?

መጋረጃው ተዘግቷል። ሊዲያ ስልኳን ቴሌቪዥኑ ፊት ገትራ ተቀምጣለች። ካሴቱ ይጮሃል። ጋሽ መኮንን በእጃቸው እንዳትንቀሳቀሱ አሉን። ወለሉ ከተነቃነቀ ይስታል። ሰሃኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የጋሽ መኮንን ላብ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። ጩኸቱ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ዝም አለ። አሥሩ መስመር ብቅ አለ።

እልል ልል አፌን ስከፍት ቴፑ ቅርጥጥ አለ። ካሴቱን በላው። ክሩ እንደ ፓስታ ተዘረገፈ።

«ፖሌ፣ አንክል» አለች ሊዲያ፤ አይዞዎት ማለቷ ነው።

የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። «ግድ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቷል። መብራት እስካለ አለ። መብራት ከጠፋ ሁሉንም ይረሳል። ከዚያ ወዲያ ከየት ይመጣል?»

«ኦኬ፣ ሪከርድ እያደረግኩ ነው። እስከ መጨረሻው ይጫወቱ።»

ነጥቧ መራመድ ጀመረች። ድዝዝ... ድዝዝ... ልክ ያኔ ከኩሽና በኩል፦ ጢጥ።

ናይሮቢ የሚኖር ሰው ይህችን ጢጥ ያውቃታል። የመብራት ቆጣሪ ናት። እዚህ መብራት እንደ ስልክ ካርድ አስቀድሞ ነው የሚሞላው፤ ቶከን ይባላል። ሊያልቅ ሲል ቆጣሪው ያለቅሳል። ከካሴት ጋር ሲታገል ለሰነበተ ሰው ቶከን ትዝ ይለዋል?

ጋሽ መኮንንን አየሁ። ፊታቸው አይነበብም። ሊዲያን አየሁ። ዓይኗን ጨፍና በጢጡ ልክ ራሷን ትነቀንቃለች። ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ከበገናው ጋር አንድ አድርጋ እያጣጣመችው ነው አልኩ በልቤ። ምን ልበል? ልጩህ? ድምፄ ይቀዳል። ደግሞስ የሰው ጎዶሎ እንግዳ ፊት ይነገራል? ዝም ብልስ? ጢጥ።

እየተንፏቀቅኩ ኩሽና ገባሁ። የቆጣሪውን ቁጥር ዓይኔን አጨንቁሬ አንብቤ በስልኬ ከፈልኩ። አሁን መልእክት ይመጣል፣ መልእክቱ ውስጥ ረጅም ቁጥር አለ፣ እሱን ቆጣሪው ላይ መጫን ነው። መልእክቱ አልመጣም። ጢጥ። ጢጥ። ፈጠነ። ከሳሎን የአባትየው በገና ምንም እንዳልተፈጠረ ይራመዳል። እመቤቴ ድረሺ አልኩ። ስልኬ ነዘረ። ማስታወቂያ ነው፤ ፍሪጅ ቀንሷል ይላል። ደግሞ ነዘረ። መጣ።

መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ስልኩን ክንዴ እስኪደርስ አርቄ አንድ በአንድ ጫንኩ። አንዱ በተጫነ ቁጥር ጢጥ። ጨረስኩ ስል ስድስቱን ዘጠኝ ብዬው ኖሮ እምቢ አለኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ምን በደለ? እንደገና ከመጀመሪያው። የመጨረሻዋን ስጫን ቆጣሪው አንዴ ረዘም አድርጎ ጮኸና ዝም አለ። ተቀበለ።

ስመለስ ነጥቧ የመጨረሻውን አውታር ነክታ ቆመች። ሊዲያ ስልኳን አነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ያ ከኋላ ይጮህ የነበረው የኔ ሥራ አይደለም። ቆጣሪው ነው። የወደድሽው እሱን ከሆነ፣ አትውሰጂው። አባቴ በአሥር አውታር ነው የደረደሩት።»

«ኧረ አውቃለሁ፣ አንክል። እኛም ቤት እንደዚያ ነው የሚጮኸው።»

«ታዲያ ራስሽን ስትነቀንቂለት የነበረው?»

«እየጸለይኩ ነበር። ቶከን እያለቀ ነው ብዬ ኢምባረስ እንዳላደርግዎት ፈራሁ።»

«እኔም እንግዳ ጠርቼ ቶከን አለቀ ማለት አፈርኩ» አሉ ጋሽ መኮንን።

ተያየን። ለካ ሦስታችንም ሰምተናል። አንዳችንም አልተነፈስንም። ለይሉኝታ ብለን አንድ የሞተ ሰው ሁለተኛ ልንገድል ነበር።

ሊዲያ ጢጡን በማሽን ነጥላ እንደምታወጣው፣ በገናውም ኤግዚቢሽኑ ላይ ለብቻው እንደሚሰማ ቃል ገብታ፣ ሳምቡሳዬን በልታ ሄደች። እኔም ያኔውኑ ወሰንኩ። ከእንግዲህ ይሉኝታ ገደል ይግባ። ማንም ቢጠይቀኝ የልቤን ነው የምናገረው።

ይህን አስቤ ሳልጨርስ ጋሽ መኮንን ዞሩብኝ።

«አንቺስ፣ ሙሉዬ? የአባቴ በገና እንዴት ነበር?»

ምን ሰማሁና? ከቆጣሪው ሌላ የሰማሁት የለም። የሰማኋት ጥቂቷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታስተኛለች። ሰውዬው ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አባትዎ እዚህ የተቀመጡ ነው የመሰለኝ» አልኩ።

እጄን ይዘው አለቀሱ። አሁን በየቅዳሜው ይጠሩኛል፤ ሊዲያ የላከችላቸውን ቅጂ በቴሌቪዥን ከፍተን አብረን እናዳምጣለን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ምነው መብራቱ በጠፋ እያልኩ እቀመጣለሁ። ቶከናቸው ግን፣ ምን ያደርጋል፣ ከዚያ ወዲህ አልቆ አያውቅም።